ዜሮም ይቆጠራል

ቶሊዶ፣ ኦሃዮ፤ ማክሰኞ ማለዳ፣
በጨው የተበላ፣ በጭስ የጠቆረ የበረዶ ሜዳ።
ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጣሁ፣ ሳልተኛ፣ ሳልበላ፣
የሁለት ዓመት የደመወዝ ወረቀት በካኪ ፖስታ፣ በብብቴ ከለላ።

ልጁ ተቀበለኝ። ብራንት ይባላል። ክራቫቱ አዲስ፣
ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ፣ በለስላሳ መንፈስ።
«ወይዘሮ ኮሪን፣» አለኝ፣ «ቤቱን አየሁት፣ ደስ ይላል፤»
ሁለት መኝታ፣ የእናቴ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት በር፣ ጓሮው ፕሪም ያበቅላል።
ከዚያ ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረ፣
ጣቱ ሮጠ፣ አዘገመ፣ አንድ መስመር ላይ አደረ።

«የትምህርት ብድር አለ እዚህ ላይ።»
አለ እንጂ!
ከባሌ በፊት የመጣ፣ ከባሌ በኋላም የቀረ፣
አልጋ ባይጋራኝ እንኳ ምሳዬን ሲጋራ የኖረ።
የተማርኩበት ኮሌጅ ዛሬ የለም፤ ስሙ ከግድግዳው ተልጦ
ፍራሽ ይሸጥበታል፤ ዕዳው ብቻ ቆሟል፣ ከፍርስራሹ አምልጦ።
ያበደረኝ ድርጅት ለሌላ ሸጠኝ፣ ሌላውም ለሌላው አስረከበ፣
እኔ ከቶሊዶ ሳልነቃነቅ ስሜ በስንት ከተማ ተነበበ።
የወሰድኩት አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነበር፤ ከፈልኩ፣ ከፈልኩ፣ አልቆረጥኩም፤
ዛሬ ሠላሳ አንድ ሺህ ነው፤ ስከፍል እየዘራሁ እንደነበር አላወቅኩም።

«ግን እኮ፣» አልኩት፣ «ዘንድሮ የወር ክፍያዬ ዜሮ ሆኗል፣
ገቢዬ ታይቶ፣ እናቴን ማስታመሜ ታይቶ፣ ደብዳቤው ላይ ማኅተም አርፏል።»
ብራንት አንገቱን ደፋ። «ዜሮማ እኛ ጋ ዜሮ አይደለም፣» አለ፤
«የዕዳዎን ከመቶ አንዱን በየወሩ እንደሚከፍሉት ይታሰባል፤ ደንብ አለ።»

ሦስት መቶ አሥር ዶላር። የማልከፍለው። የሚቆጠርብኝ።
በሕልሜ የበላሁት ምሳ ሂሳቡ በውኔ መጣብኝ።
ባዶ ድስት ይከብዳል እንዴ? እዚህ ይከብዳል፤
ሚዛን ይሰብራል፣ በር ይከረችማል።
«ትንሽ ነው የጎደለው፣» አለ ብራንት፣ «ትንሽ ግን ይከለክላል።»

እኔ የትንፋሽ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሌሊቱን ቁጥር ማንበብ ነው፤
ማሽኑ ዘጠና ሁለት፣ ሰማንያ ስምንት ሲል፣ እኔ ነኝ ቀድሞ የሚነሳው ሰው።
ግን ሚስስ ትሪምብል፣ ያ ሁሉ ዕዳ ለእሷ ትምህርት የተከፈለ፣
«ማሽኑን ከማየታችሁ በፊት ከንፈሩን እዩት፣ ጥፍሩን እዩት፤ ሰውየው አለ?»
ትለን ነበር። «ቁጥር ይዘገያል። ቁጥር ይዋሻል፣ ጣት ሲበርደው፤
ፊቱን ነው መጀመሪያ የምታነቡት፤ ማሽኑ ከኋላ ነው።»

ብራንት ማሽኑን ያያል። እኔ ብራንትን አያለሁ።
በየሦስት ቃሉ ያርፋል፤ ከደረቱ ስር ፉጨት እሰማለሁ።
የከንፈሩ ዳር አመድ መስሏል።
«ከያዘህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አልኩት። እጁ ቁልፉ ላይ ደርቋል።

«ከኅዳር ጀምሮ።» «ሐኪም አይቶሃል?» በሩን ተመለከተ፤
ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው አፉ በቀስታ ተከፈተ፦
«እኔም አለብኝ፣ አርባ ሰባት ሺህ። ሐኪሙን ለሚቀጥለው ወር፣ ለሚቀጥለው ወር እያልኩ…
እዚሁ ወንበር ላይ፣ አንድ ምሽት፣ ለራሴ ማመልከቻ ሞልቼ፣ ራሴን ከለከልኩ።»

ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።
ከፖስታዬ ጫፍ ቀድጄ የክሊኒክ ስልክ ጻፍኩለት፤
በነጻ የሚያዩበትን ቀን፣ ረቡዕን፣ ሁለቴ አሰመርኩበት።
የእሱ ወረቀት «አልተፈቀደም» ይላል፤ የእኔው «ነገውኑ ሂድ» ይላል፤
ተለዋወጥን። ማን ለማን አበደረ? ማን ያውቃል።

አውቶቡስ ውስጥ እናቴ ደወለች። «ምን አሉሽ?»
«እየቆጠሩ ነው፣» አልኳት።
የበሩን ስፋት ግን አልነገርኳትም፣ በክንዴ ለክቼው የመጣሁትን፣
ወንበሯ ግራ ቀኙን ሳይነካ የሚያልፍበትን።