ክፍል ሃያ ሁለት

አራዳ፣ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ ጎን ባለች በረንዳ፣
ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእንግዳ።
እንግዳ እላለሁ እንጂ፣ ማንጠግቦሽ ከመጣች
ሦስት ክረምት ሞላት፤ እኔ ቆጠርኩ እንጂ፣ እሷስ አልቆጠረች።

አንድ ኢርፎን ነው ያለን። ቀኙን እሷ ሰክታ፣ ግራው ለእኔ ቀርቶ፣
ገመዱ በመሃል፣ ከመቀሱ በላይ፣ እንደ ድር ተዘርግቶ፣
አንዳችን ቀና ስንል የሌላው የሚነቀል፣
እንዲህ ሆነን ሰማን ሃያ አንድ ክፍል።

ተራኪው ሳል አለበት። ገጽ ሲገልጥ ወረቀቱ ይሰማል፤
አንዳንዴም ከጀርባው፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ውሻ ይጮኻል።

ታሪኩ የአንዲት ከተማ ነው፤ ስሟን ደራሲው ሸሽጎት፣
አንድ ፖስታ ቤት፣ አንድ የውሃ ወፍጮ፣ ክረምት የሚሞላ ወንዝ ሰጥቷት።
ፖስታ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ አለ፣ እንዳላማው የሚሉት፣
የወፍጮ ቤቱን ልጅ፣ ስንዱን የወደደ፤ ከራሱ ቀድሞ አገሩ ያወቀበት።
ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ራሱ ያትማል፣ ራሱ ያደርሳል፤
ቴምብሩን ግን ይከፍላል። የመንግሥት ነውና፣ ሳንቲሙን ቆጥሮ ያስቀምጣል።

ማንጠግቦሽ እዚህ ጋ ሳቀች፤ መርፌው ጣቷን ወጋ፤
ደሟን እየመጠጠች «የዋህ!» አለች፣ ድምጿ ረጋ።

ጎንደርስ ሰፊ ናት? ግንብ ቢኖራት፣ ቢሰፋ መንገዱ፣
ፒያሳ ባስነጥስ፣ «ይማርህ» ይሉኛል አዘዞ ላይ፣ ባዳው እና ዘመዱ።
ሰዓት ሠሪው አቶ አስረስ፣ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ደቅኖ፣
የሰው ሰዓት ይፈታል፤ በሌላው ዓይኑ እኛን ይሰልላል፣ አጎንብሶ፣ አዘንብሎ።
«ምንድነው የምትሰሙት?»
«ልብ ወለድ።»
«ታዲያ ልብ ከወለደ፣
ክርስትናው መቼ ነው?» ብሎን፣ እየሳቀ ሄደ።

ጥር ሃያ አንድ ነው ቀኑ። የመተማ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው ይላሉ።
ቀለበቷና የጣት ቆቧ ስትሰፋ ሲነካኩ፣ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

እኔ መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ሽፋን የለውም፤
ሰልባጅ ካፖርት ላጥብብ ስተረትር፣ ከገበሩ ውስጥ የተገኘ፣
አንድ ሌሊት ተነቦ፣ ሦስት ቀን እህል ያላሰኘ።
ሃያ ሁለት ላይ ወንዙ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ አልናገርም።

ማታ፣ ቤቴ፣ መብራት ሄዶ፣
በስልኬ ብርሃን ክፍል ሃያ ሁለትን ፈለግሁት።
«ይጥፋ?» አለኝ ስልኩ።
«አዎ» አልኩት።
አንድ ልጅ ከውሃ ያወጣሁ መሰለኝ።

በነጋታው ሃያ አንድ አለቀ። እንዳላማው ከድልድዩ ጫፍ ቆሞ፣
ደብዳቤው በደረቱ፣ ውሃው ገና ከቁርጭምጭሚቱ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ጨልሞ።
«ቀጣዩስ?» አለችኝ።
«እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። እንደቆመ።»

ክሩን በምራቋ አሾለች። መርፌው ቀዳዳ አለፈ።
«ዋሸህ» አለች፣ ሳታየኝ።
«ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንብቤዋለሁ፣ ከእህቴ ትራስ ሥር ሰርቄ።
ውሃው ይወስደዋል።
ደብዳቤውን ስንዱ ከወፍጮው መዘውር ላይ ትለቅመዋለች፣ ቀለሙ ታጥቦ።»
«ታዲያ እያወቅሽ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ሰማሽ?»
«ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው ሌላ ይሆን ብዬ።
ሳሉ ሲመጣበት አንድ መስመር ቢዘል፣
አንድ ገጽ ቢያልፍ፣
ምናልባት ልጁም አብሮ ያልፍ ይሆን ብዬ።»

ከቀሃ በኩል ነፋስ መጣ። አቶ አስረስ መዝጊያውን ጎተተ።
እኔ ደብዳቤ የለኝም። ቴምብርም አልገዛሁም።
ጉልበቴ ላይ ያለው ነጭ ነው፤ የማን እንደሆነ አልናገርም።
ጠርዙን ሦስት ጊዜ ተረተርኩት፣
ልክ ሆኖ ሳለ።

ኢርፎኑን ከጆሮዋ አውልቃ መኪናዋ ላይ አኖረች፤
ነጠላዋን አራግፋ፣ «ደህና እደር» ብላኝ ሄደች።
አንስቼ ሰካሁት።
ገና ሞቃት ነው።
ቃል የለውም፤ ከሩቅ የሚመጣ ሹሹታ ብቻ፣
ውሃ ይመስላል።