ሰባተኛዋ አምፖል

እኔ ነኝ የሸጥኩት፤ መካድ አልፈልግም፤
አምፖል ነው አልኩ እንጂ እሳት ነው አላልኩም።

ሳስካቱን ዳር ካለው ከኛ ሱቅ መደርደሪያ
ሃሊና ስትመጣ፣ ጥቅምት መጀመሪያ፣
ለገበታ ክፍሏ ጌጥ አምሯት ነበር፤
አሮጌ የሚመስል፣ አዲስ የሆነ ነገር።
እኔም አቀረብኩላት፦ ጠይም ብርጭቆ፣
ውስጡ የታጠፈ ክር፣ እንደ ፈትል ረቆ፣
ሆዱ እንደ ዕንቁላል፣ አንገቱ ናስ ለብሶ፤
«ሃያ ዓመት ይበራል፤ አይግልም ጨርሶ።
የድሮው» አልኳት «ከሚበላው መብራት
ዘጠና በመቶው ሙቀት ነው፣ ብክነት።»
የፈለገችው ስድስት፣ ካርቶኑ ግን ሰባት፤
«አንዷን ምን ላድርጋት?» ብላ ጠየቀችኝ፤
«ለክፉ ቀን ትሁን» ብዬ አሳቅኳት።

ክፉው ቀን ጥር ላይ መጣ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤ ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ።
«መብራቱ በርቷል» አለች፣ «ውኃው ግን ሞቷል።»

ለካ ከግቢው ጥግ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣
ጎንበስ ብለው የሚገቡበት የፓምፕ ቤት አለ።
እዚያ ለአርባ ዓመት፣ አንዱ ሲቃጠል ሌላው እየተተካ፣
ባለ መቶ ዋት ሲበራ ኖሯል፤
ለማንም አይደለም፣ ለአንድ ቧንቧ ብቻ።
ባሏ ታራስ ሊሞት ሲል «እሱን እንዳታጠፊ» ብሏት ነበር።
አላጠፋችም። ራሱ ተቃጠለ፣ በገና ማግስት።
ያቺን ትርፍ ጠምዝዛ አስገባቻት።
በራች። ምን ትጠርጥር?

ደርሼ በሩን ስገፋ ወርቃማ ጮራ ፈሰሰ፤
ውርጭ የለበሰው ግድግዳ እንደ ሠርግ ቤት አምሮበታል።
ቧንቧው ከወገቡ ተሰንጥቆ የበረዶ ምላሱን አውጥቷል፤
በአምፖሏ ጉንጭ ላይ የአመዳይ አበባ በቅሏል።
ጓንቴን አውልቄ ጨበጥኳት።
ድንጋይ።
እያበራች፣ ድንጋይ።

ወይ የኔ ነገር! አፌን ሞልቼ «ብክነት» ያልኩት
ለካ እሱ ነበር ውኃውን በሕይወት ያቆየው።
ብርሃኑ ሰሙ፣ ሙቀቱ ወርቁ፤
እኔ ሰሙን ጠቅልዬ ሸጥኩላት፣ ከነሳጥኑ።

ቧንቧውን ቀጥዬ ስጨርስ ቀትር ሆነ።
ከታራስ መሣሪያዎች መሀል፣ ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ አምፖል አገኘን፤ አቧራ የጠጣ።
ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኩት፤ ክሩ አልተበጠሰም።
ጠመዘዝኩት።
ቆየት ብሎ ከላዩ ካለው ወራጅ እንጨት
አንድ ጠብታ ወረደች።
ቆይታ ሌላ።

«የስድስቱን ገንዘብ ልመልስልሽ?» አልኳት።
«ተዋቸው፣ ያምራሉ» አለች፣ «ማማርስ ሥራ አይደለም እንዴ?»
ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ይሄኛው ሲቃጠልስ?»
መልስ አልነበረኝም።
ላረጋግጥ ብዬ ብርጭቆውን በሁለት ጣቴ ነካሁት፤
ፈጀኝ።
ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ እዚያ ውርጭ መሀል፣
እንደ ልጅ ሳቅሁ።