ጉርድ

ደጀን ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ካለው ቤት፣
ሥራዬ ሰው መቁረጥ ነው፤ ከደረት በላይ፣ ከነአንገት።
«ቀና በል፤ ጆሮህ ይታይ፤ ነጠላሽን ገለጥ አርጊው፤
አራት ፍሬ መቶ ብር ነው፣ ለመታወቂያ ከፈለግሽው።»
የሃምሳ ሚሊሜትር ሌንሴ ለዚህ ሥራ አይታማም፤
ፊት አያጣምም፣ ግንባር አይሰርቅም፣ ለአፍንጫ አያዳላም።

እሑድ እሑድ ግን ሱቄን ዘግቼ ወደ ገደሉ አፋፍ ስወርድ፣
በዚያው ሌንስ የማነሳው ዓባይ፣ እሱም ይሆናል ጉርድ።
ይኸው አንገቱ፤ ይኸው አንድ ትከሻ፤ ድልድዩ የለ፤
ማዶው የለ፤ ሰማዩ እንደ ጠባብ ቆብ ግንባሩ ላይ ተንጠለጠለ።
ወደ ኋላ እንዳልሸሽ፣ ከኋላዬ የሰው ጤፍ ነው፤
ወደ ፊት እንዳልጠጋ፣ ከፊቴ አየር ነው።

የጥርን ሠርግ ሙሉ ቆሜ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ሚዜ ሲጨፍር አንስቼ፣
አሥራ ስድስት ሺህ ብር በፌስታል ጠቅልዬ፣ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣
ባሕር ዳር ገባሁ፣ ይርሳው ዘንድ።
ይርሳው ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል፤
ላት እንደሚዳብስ በግ ነጋዴ፣ የሌንስ ቀለበት ይዳብሳል።

ሦስት አወጣ።
አንዱ አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅኩ፤
«ሁለት በሬ ነው» አልኩት። «በሬስ እንዲህ አያይም» አለኝ። አለፍኩ።
ሁለተኛው የድሮ ነው፤ ብረት፤ በእጅ የሚሾር፤
ወደ አምፖሉ አንስቼ ባየው፣ ሻጋታ ድሩን አድርቷል በመስተዋቱ ዳር።
«ፎቶ ላይ አይወጣም» አለኝ። ላይወጣ ይችላል፤
የእኛን ክረምት ግን አያውቀውም፤ እዚያ ሻጋታ ይዋለዳል።

ሦስተኛው ላስቲክ ነው። ቀላል፤ እንደ ባዶ ቅል ቀላል፤
አሥር ሚሊሜትር፤ ብርሃን የሚጠጣው በስስት ነው፤ ሲመሽ ዓይኑ ይዝላል።
አንገቱ ሳይቀር ላስቲክ። ጥጎቹም ይደበዝዛሉ።
«ጥጉን ማን ያያል? ሰው መሀል መሀሉን ነው የሚያየው፤
ደግሞ ትሪፖድ ላይ አቁሚው፤ ገደል እንደሁ አይነቃነቅ፣ ምን ያስሮጠው?»
አሥራ አራት ሺህ ብሎ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተጨባበጥን።
ከቀረው አንድ ሳህን ዓሣ ጥብስ በላሁ።

እሑድ ንጋት አፋፉ ላይ ገጠምኩት።
ሁሉም ገባ። ማዶው ገባ፤ ድልድዩ፤ ጠመዝማዛው አስፋልት፤
ከነጭነቱ የሚያቃስተው መኪና፤ ሁለት ዓይነት ደመና።
ሁሉም ገባ፤ ሁሉም አነሰ፤
ያ ጉልበት የሚያብረከርክ ገደል፣ የተረከዝ ንቃቃት አክሎ ኮሰሰ።
በአሥራ ሁለት ሺህ ተኩል ንቃቃት ገዛሁ፣ አልኩ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ በሆዴ ተኛሁ፤ ጤዛው ደረቴን አራሰው።
አንዲት ድንጋይ፣ ሽበት ያበቀለች፣ ከሌንሱ ስንዝር ርቃ፣
ትልቅ ሆነች፣ ከማዶው ተራራ ልቃ።
ያን ጊዜ ገደሉ ከኋላዋ ወረደ፤ ወረደ፤
ሆዴ ውስጥ የማውቀው ፍርሃት ፎቶው ውስጥ ተወለደ።
ለካ ሰፊ ሌንስ ለሩቁ አይደለም፤ ለስንዝሩ ነው፤
ይርሳው ይህን አልነገረኝም፤ ሸጦ እንጂ ተኝቶ አያውቅ፣ ምን ያድርገው።

አሳጥቤ፣ ከካሜራዬ ኋላ ካለው ግድግዳ ሰቀልኩት።
በገበያ ቀን መታወቂያ ሊያሳድሱ አቶ ልየው መጡ፤
ዱላቸውን ተደግፈው ፎቶው ላይ አፈጠጡ።
«ይቺ የእኛ ቆላ ናት። የእኔ ማሳ የታለች? ከዋርካው ሥር ያለችው?»
ጣታቸው በመስተዋቱ ላይ ሄደ፤ ወረደ፤ ግራ ጥግ ላይ ቆመ።
ልክ እዚያ። ሌንሱ በሚዝልበት። ዋርካው ጭስ መስሎ።

አፈርኩ። «ርካሽ ነው፣ ጥጉ አይጠራም» ልላቸው አፌን ስከፍት፣
ፊታቸውን አስጠጉ፤ አንዱ ዓይናቸው ሞራ የገባበት።
«አይ፣ ልክ ናት» አሉ። «እኔም አሁን አሁን የማያት እንዲህ ነው።»

ሃምሳውን ገጠምኩ። «ቀና ይበሉ፤ ጆሮዎ ይታይ።»
ቀና አሉ።
አራቱም ጉርድ ላይ፣ በትከሻዬ አሳልፈው፣
ማሳቸውን እያዩ ነው።