የሰሃኑ አረንጓዴ

ስንሻው ነው ስሙ፤ የደቅ ሰው፣ ዓሣ አጥማጅ፣
የጣና ውሃ ጠጪ፣ የማዕበል ወዳጅ።
በቅል እየቀዳ፣ በእፍኝ እየጠለቀ
ስልሳ ዓመት ጠጣው፤ መች ታሞ አወቀ?
ጭቃውን፣ ቄጠማውን፣ የዳክዬ ላባውን፣
ሆዱ እንደ ጎረቤት ተቀበለ ሁሉን።

ኩላሊቱ ሰንፎ ባሕር ዳር ሲመጣ፣
ደሙ በማሽን ሊታጠብ ቱቦ ከአንገቱ ሲወጣ፣
ነርስ ትሁኔ እጇን ፈተገች፣ እስከ ክርኗ ድረስ፤
አልቸኮለች፣ አልሰነፈች፤ ማን አፉን ሞልቶ ሊወቅስ?
ከቧንቧው አፍ ላይ ግን፣ ከዝገቱ እጥፋት፣
አንዲት ጠብታ ቀርታ፣ ተሻግራ በጓንት፣

በአራተኛው ሌሊት ብርዱ አንዘፈዘፈው፤
ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡ፤ ከውስጥ ነው የነፈሰው።

«ወባ ነው» አለ አንዱ። ስላይዱን አየሁት፤ አይደለም።
«ታይፎይድ» አለ ሌላው። እሱም አይደለም።
ደሙን በጠርሙስ ሰጡኝ፤ ከማሞቂያው አኖርሁት።
በኋላ ሰሃኑን ስከፍተው አረንጓዴ፣
ሽታው የወይን ፍሬ፣ የሰርግ ቤት፤ ወይ ጉዴ!

ጥጥ ይዤ ወረድሁ። ማሽኑን ጠረግሁ፣ የበሩን እጀታ፣
የትሁኔን ጥፍር፣ የራሴንም ጥፍር፣
የቧንቧውን አፍ።
አራቱ ሰሃን ዝም አሉ።
የቧንቧው ለመለመ።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ፦ ድሮ ድምፅ ብቻ ነበር፤
አሁን ሥር አለው፣ ቅጠል አለው፣ ይዞታል የሐይቁን ዳር።
ገበሬው ነቅሎ፣ ከምሮ፣ ወገቡን ይዞ ሲመለስ፣
አንዲት ቁራጭ ትበቃለች፣ ውሃው እንደገና ሊለብስ።
እኔም ያን ቧንቧ በበረኪና ስወቅጠው ከረምሁ፤
በሳምንቱ ጥጤ ላይ ያንኑ አገኘሁ።

«ውሃ ነው» አልሁት ስንሻውን፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ።
«ውሃ?» አለ። «ውሃማ ዘመዴ ነበር።»
ትንፋሹን ፈለገ፤ አገኘው።
«በበር ሲገባ እንግዳ ነው፣ ልጄ፤
በጣራ ሲገባ ሌባ።»

ሐሙስ ማለዳ ጀልባዋ ወደ ደቅ ይዛው ሄደች።
«የሞት ምክንያት» ከሚለው ፊት «ኩላሊት» ተጻፈ፤
መስመሩ አጭር ነው፣ ቧንቧ አይበቃውም።
ትሁኔ ልትታጠብ ቆማ፣ በክርኗ ከፈተች።
ውሃው ጠርቶ ወረደ፣ ኩልል ብሎ፤
ቆማ አየችው።
እጇን ግን አልዘረጋችም።