ያነሰ ጨርቅ

ሸዋ በር፣ በረንዳ ላይ፣ ከአሸንዳው ሥር፣
ጋሽ ሙሄ መኪናውን ሲረግጥ ከዙህር እስከ ዐስር፣
እኔ የከሰል ካውያ አራግብለት ነበር፤
የጦሳ ጉም ወርዶ
የተኮስሁትን ሁሉ መልሶ ሲያረጥበው።

አንድ ሰኞ ቶይባ መጣች፣
ኢዳዋን ከጨረሰች ሳምንት ሳይሞላ፣
የበሰለ ሾላ የመሰለ ጨርቅ በፌስታል አንጠልጥላ።
«ጅልባብ» አለችው ቀስ ብላ፣
«እጅጌው እስከ አውራ ጣቴ ይድረስልኝ፤
ጉሊት ነው ውሎዬ፣ ክንዴ እንዳይታይብኝ።»

ለካ። ደግሞ ለካ።
ጠመኔውን ከጆሮው አወረደ፣ መለሰ፤
«ልጄ» አላት፣ «ጨርቅሽ ከክንድሽ አነሰ።»
ሌላ ልግዛ አላለችም።
ዓይኗ ከመርፌው ሳጥን ላይ ቀረ፤
ዝናቡ ብቻ በቆርቆሮው ላይ ተናገረ።

«አብሽሪ» ብሎ፣ እግሩ ሥር ካለው ጆንያ
አሮጌ ሽርጡን መዘዘ፣ ቀይና ነጭ ዳማውን፣
ቀደደና ቀጠለበት የእጅጌውን ጫፍ።
ትከሻው ላይ ደግሞ፣ መጋጠሚያው እንዳያሳፍራት፣
ሦስት ጊዜ አጠፈው፣ እንደ ደብዳቤ፣ ሸሸገላት።
የቅጣዩን አላስከፈላትም።

ከዚያ ነው፣ ፒያሳ፣ የኮምቦልቻ ታክሲ ተራ ላይ፣
ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ዲዛይነር ያስቆመቻት፣
ስልኳን አውጥታ «ፎቶ ላንሣሽ?» ያለቻት።
«ፊቴን ተይው» አለች ቶይባ፣ «እጅጌውን ግን አንሺው፤
እሱ የጋሽ ሙሄ ነው።»
ስሙ ከፎቶው ጋር አልተሳፈረም፣
ሐረጎን አልወረደም።

ዓመት ሳይዞር፣ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት፣ በቴሌቪዥን፣
ቀጫጭን ልጆች መድረኩን ሲመላለሱበት አየን፤
ያ ሦስት እጥፍ ትከሻቸው ላይ፣
ያ ዳማ ከአንጓቸው በላይ፣
ፀጉራቸው ተለቆ፣ ክንፍ የሚያህል እጅጌ እየጎተቱ።
ሁላችንም ዝም። ጋሽ ሙሄ ብቻ ብርጭቆውን ይዞ
«ክሩን ትንሽ አጥብቃዋለች» አለ።

አሁን ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ከሆጤ፣ ከቧንቧ ውኃ፣
ስልካቸውን ከአፍንጫው ሥር ደቅነው፣
«ጋሼ፣ ይሄን የአዲስ አበባ ፋሽን ትችለዋለህ?»
መነጽሩን ያደርጋል። ያያል፣ ደግሞ ያያል።
«እሞክራለሁ» ይላል።
ልናገር አፌን ስከፍት
በጉልበቱ ጎሸም ያደርገኛል።

ይዘው የሚመጡት ስድስት ሜትር ነው፣ ሰባት፣
ከክንድ የሚተርፍ፣ መሬት የሚጠርግ ሐር።
ቅጣይ እንዲገባበት፣ እጥፉ እንዲያምር፣
አስቀድሞ መቁረጥ አለበት፤
ደህናውን ጨርቅ እንዲያንስ ማድረግ።
ያኔ እጁ ይከብደዋል፣ አያለሁ።

ትናንት ቶይባ አለፈች፣ የቲማቲም ሳጥን ተሸክማ፣
ሾላው ነጥቶ፣ ዳማው ተበልቶ።
ከሙሽሮቹ አንዷ ጓደኛዋን በክርኗ ነክታ
«አየሻት? እሷም አሰፍታለች» አለች።
ጋሽ ሙሄ መቀሱን አላቆመም።
የተረፈውን ሐር ግን፣ ስንዝር ስንዝሩን፣
አጣጥፎ ከጆንያው ከተተው፣
አፉን ሳያስር።