የሰዋስው ክፍለ ጊዜ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣
ዓርብ ነው፤ ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል ባልዲ ላይ።
የምክር ቤቱን ሙግት ከስልኬ ስሰማ አደርኩ፤
ከዜናው ርዕሱን ቆርጬ ሰሌዳው ላይ አሰፈርኩ፦
«ሠራተኞችን መላክ»።

አንዱ «ኮታው ይጨመር»፣
ሌላው «ዕድሜያቸው ይታይ»፤
ማን ጠይቆኝ እንጂ እኔን፣
አዋጁን ለእነሱ ትቼ
ሐረጉን ባረምኩት ነበር።

«ተሳቢው?»
«ሠራተኞች» አለች ዘምዘም፣ እጇን በረኪና የላጠው፣
«እንደ ከባድ መኪና ተሳቢ፣ ጎታች ወዳሻው የሚያዞረው»።
«ባለቤቱስ?»

ዝም።
ጠብ፣ ጠብ፣ ባልዲው።

«በሉ፣ ለሚመጣው ዓርብ ባለቤት ፈልጋችሁ ኑ» ብላቸው፣
«በዚች በግማሽ ቀን ዕረፍት?» አሉና ገነፈለ ሳቃቸው።
የዘምዘም ስልክ ጮኸ። ማዳም።
ደብተሯን ሳትከድን ወረደች።