ካውናፔዋ ጉድጓድ ስትጠራ

ማሃላፕዬ፥ ከሐዲዱ ማዶ፥ ከቆርቆሮ ጥላ፥
ተቀምጣ ጠበቀችን፥ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ ጥላ።
መቅጃውን ከፈትኩ። ቀይዋ መብራት በራች።
«ስንት ሰው ነው ያለቀው? በየትኛው ወር?» ስላት
ላም ጠራች።

«የካቬዜሪ ቦራ፥ ግንባሯ ጨረቃ፥
ጥጃዋን ሳትጠብቅ ሄደች፥ ጡቷ በጥም ደርቃ።
ሁለት ቅል የሚሉትን፥ ውሃው የሚጣፍጠውን፥
ወታደር ከቦት አየን፥ ጠመንጃ ሲጠጣውን።
የአማት ቁጣ የሚሉት፥ አፉን በድንጋይ ገጥሞ፥
ዳልቻው የሙቱዋ በሬ፥ ደጁ ላይ ሞተ ቆሞ።
አህያ አይጠግቤ ጋ፥ ውሃው ሽታ ነበረው፤
የጠጣውን ልጅ ሁሉ፥ ሲመሽ ዐሸዋ ቀበረው።
ከዚያ ወዲያ ያለውን፥ በጥፍራችን ቆፈርን፤
ስምንት ክንድ፥ አሥር ክንድ፥ እርጥቡን ጠጠር መጠጥን።
ከላይ የቆመው ሲወድቅ
ከታች ለቆፈረው ክዳን ሆነው።»

የልጅ ልጇ ቬቱንጆና፥ አጠገቧ ቆሞ ያስተረጉማል።
«ውሃ ስትል ምን ማለቷ ነው?» አልኩት፤
ትምህርት ቤት ያስተማረኝ፥ ከቃል በታች ቃል መፈለግ ነው።
«ውሃ» አለኝ።
«የሚጠጣ።»

ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ዝም አለች።

ዶሮ ጫረች።
የጭነት ባቡር ድንጋይ ከሰል ጭኖ፥ ቤቱን አንቀጥቅጦ አለፈ።
ባለ ሁለት ቀንዱ ሻሿ ንቅንቅ አላለም።
ረሳች ብዬ አዘንኩላት። እርጅና ነው፥ ምን ይደረጋል።
ከዚያ፥ ማንም ሳያስታውሳት፥
ከስምንተኛው ቀጠለች።

ጋቦሮኔ ተመልሼ፥ ማዳመጫውን አጥልቄ፥
አራቱን ባዶ ደቂቃ ቆረጥኩት፤ ጫፍና ጫፉን አጣብቄ።
ቁራጩ ክር ከእግሬ ሥር ተጠቀለለ፥ ማታ ከቆሻሻው ጋር ተጠረገ።
ካርዱ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦
ተናጋሪዋ ቃል ይጠፋታል። ቁጥር የለም። ዓመት የለም።
ስለ ከብት ብዙ ታወራለች።
ለማስረጃ አይበቃም።

በሁለተኛው ዓመት፥ አሮጊቷ ካረፈች በኋላ፥
ቬቱንጆና ልጁን ይዞ መጣ፤ ኡዌሪኮንጄራ ትባላለች፥
ዘጠኝ ዓመቷ፥ ጫማዋ አዲስ፥ ተረከዟን ልጦታል።
የቅድመ አያቷን ድምፅ ልትሰማ ነው።
ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣ ሰማች፤
ከንፈሯ አብሮ ይሄዳል፥ አንዲት ቃል ሳይስት።
ሰባተኛው ጋ ስንደርስ እጇን አነሣች።

«እዚህ ጋ ሰርቃችኋል» አለች።
«ምኑን?»
«የማይባለውን።»

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ናት የነገረችኝ፦
እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ
የካውናፔዋ አያት ከጀርባዋ ያወረደችው አለ።
ስሙን የጠራው የለም።
እሷ የተቀመጠችውን ያህል ግጥሙ ይቀመጣል።
እናት ለልጇ የምታስተምረው መጀመሪያ እሱን ነው፥
ቃሉ በኋላ ይደርሳል።

መቅጃውን ከፈትኩ። ቀይዋ መብራት በራች።
ልጅቷ ዐይኗን ጨፍና፥ ከቦራዋ ጀመረች፤
ሁለት ቅልን፥ የአማት ቁጣን፥ የሸተተውን ውሃ አለፈች፤
በቀጭን ድምፅዋ ቆፈረች፥ ክንድ በክንድ ወረደች።
ሰባተኛው ጋ
ተቀመጠች።

ውጭ መኪና ያጓራል።
ጠረጴዛው ላይ ስልክ ጮኸ፥ አላነሣሁም።
ክሩ ይዞራል፥ ባዶውን እየጠጣ፤
ቀኝ እጄ ልማዱ ነው፥ መቀሱን ፍለጋ ሲወጣ
ያዝኩትና
ጭኔ ሥር ደበቅሁት።